ሌክሰስ ቲኤክስ ወይስ አኩራ ኤምዲኤክስ? መጀመሪያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ንገረኝ

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ የ9 ዓመት፣ የ5 ዓመት እና የ8 ወር። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ጀምራለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ያለችን መኪና የአምስት ሰው ናት፣ አልበቃችንም። በሌክሰስ ቲኤክስ 350 እና በአኩራ ኤምዲኤክስ መካከል ተቸግረናል። ባለቤቴ ሌክሰስ ትላለች፤ እኔ አኩራውን ነድቼው ወድጄዋለሁ። ወደፊት አገር ቤት ብንመለስ ይዘነው ብንሄድስ ብለንም አስበናል። የቱን ይመክሩናል?»

ሰላም ወንድሜ። ከእናትህ ጋር እንኳን በሰላም አገናኛችሁ። ልጆቹንም ያሳድግልህ።

መልሱን አላቆይብህም። ለእናንተ ቤት ቲኤክስ 350 ይሻላል። አኩራው ደካማ መኪና ስለሆነ አይደለም። ብቻዬን የምነዳው ቢሆን እኔም የምመርጠው እሱን ነው። አንተ ግን የምትገዛው ለስድስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ካለ ሦስተኛው ረድፍ በየቀኑ ሰው ይቀመጥበታል። የእኔ ምክር በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ መኪና ስጠግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሰው መኪና ሊገዛ ሲል አብሬ እየሄድኩም አያለሁ። ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ነገር አለ። አባት ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ዲለር ይሄዳል። ይነዳል፣ ሞተሩ ይጥመዋል፣ የቆዳው ሽታ ልቡን ይወስደዋል፣ ይፈርማል። ከሳምንት በኋላ ቤተሰቡ ሲሳፈር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልቀመጥ የሚል ሰው ይጠፋል። እኔም ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እንዲሁ አድርጌ ገዝቻለሁ። ሻጩ «ለሰባት ሰው ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ትልቁ ልጄ እግሩን የሚያስገባበት አጥቶ ረጅም መንገድ በሄድን ቁጥር ያለቅስ ነበር። ያንን መኪና ዓመታት ከፈልኩበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ጠበቅ አድርጌ የምነግርህም ለዚህ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው የእግር ቦታ በቲኤክስ 33.5 ኢንች ነው፤ ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በኤምዲኤክስ 29.1 ኢንች፣ ወደ 74 ሴንቲ ሜትር ነው። 11 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ገብተህ ስትቀመጥ ግን በኤምዲኤክሱ ጉልበትህ የፊተኛውን ወንበር ይነካል፣ በቲኤክሱ አይነካም። የ9 ዓመቱ ልጅ ዛሬ በሁለቱም ይመቸዋል። አንተ ግን መኪናውን ስድስት ሰባት ዓመት ትይዘዋለህ። ያኔ ልጁ 15፣ 16 ዓመት ሞልቶት ምናልባት በቁመት አንተን አልፎሃል። እሱን ኤምዲኤክስ ኋላ አስቀምጦ ከአሌክሳንድሪያ ኒው ዮርክ መሄድ በጣም ከባድ ነው።

ሌክሰስ የሚለው ስም ብቻውን ቦታ እንደማይሰጥም ልንገርህ። ከ2018 እስከ 2022 የተሠራው አርኤክስ 350 ኤል ባለ ሦስት ረድፍ ነው፤ ኋላ ያለው የእግር ቦታ ግን 23.5 ኢንች ብቻ ነው። ያገለገለ ስትፈልግ በረከሰ ዋጋ ሊቀርብልህ ይችላል። ለእናንተ አይሆንም፣ እለፈው። ቲኤክስ የተለየ የሆነው ከመነሻው ለሦስት ረድፍ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ በ2023 ወጥቶ የ2024 ሞዴል ተብሎ ተሸጠ። ርዝመቱ 516 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ኤምዲኤክሱ 504 ያህል። እዚያ ላይ የጨመረው ቦታ ነው ኋላ ላይ የምታገኘው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ አቀማመጡ።

እናትህ ሦስተኛ ረድፍ አይገቡም። እዚህ ላይ አልደራደርም። ጉልበት የሚያመው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ተጣጥፎ፣ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ኋላ መግባት የለበትም። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደግሞ አስበው። ስለዚህ እሳቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ይቀመጡ። ሕፃኑ ከጎናቸው፣ ከባለቤትህ ወንበር ጀርባ ይሁን፤ ፊቱን ወደ ኋላ ባዞረ ካር ሲት፣ ማለትም የልጅ መቀመጫ። ወደ ኋላ የሚዞር ካር ሲት ብዙ ቦታ ይበላል፣ የፊተኛውንም ወንበር ወደ ፊት ይገፋል። የመሪው ወንበር ቢገፋ አንተ ትቸገራለህ፤ በዚያኛው በኩል ይሻላል። አያትየውም ሕፃኑ ሲያለቅስ እጃቸውን ዘርግተው ይደርሱለታል። ሁለቱ ትልልቆች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይሁኑ።

ታዲያ ሁለቱ ልጆች ወደ ኋላ በየት በኩል ይገባሉ? ሰው የሚረሳው ይህንን ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው አንድ ወጥ ረጅም ወንበር ከሆነ በአንዱ በኩል ካር ሲት ታስሯል፣ እንደልብ አጥፈህ መንገድ አትከፍትበትም። የቀረው መንገድ በእናትህ በኩል ነው። በጠዋት ትምህርት ቤት ስታደርሳቸው እናትህ ይወርዳሉ፣ ወንበሩ ይታጠፋል፣ ልጆቹ ይወርዳሉ፣ ወንበሩ ይመለሳል፣ እናትህ ይወጣሉ። ሲመለሱም እንዲሁ። በዝናብም በበረዶም እንዲሁ። ስለዚህ ቲኤክሱን ስትገዛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለየብቻ የቆሙ ሁለት ወንበሮች ያሉትን፣ እዚህ ካፕቴን ቼር የሚሉትን ውሰድ። በመካከል ክፍት መንገድ አለ። ልጆቹ በእሱ ሾልከው ኋላ ይገባሉ፣ ማንም አይወርድም።

አኩራው እዚህ ላይ የሚያስመሰግን ነገር አለው። የሁለተኛው ረድፍ መካከለኛ ወንበር ተነቅሎ ይወጣል። ስታወጣው ክፍት መንገድ ታገኛለህ፣ ሰባተኛ ሰው ሲመጣ መልሰህ ትተክለዋለህ። ቲኤክሱን ለየብቻ ወንበር ያለውን ከመረጥክ ግን በቃ ስድስት ሰው ነው። እህትህ ከዳላስ ብትመጣ በአንድ መኪና አትሄዱም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ አልሸፍንልህም። እኔ ግን በዓመት ለጥቂት ቀን ለሚመጣ ሰባተኛ ሰው ብዬ በየቀኑ የሚቀመጡትን ስድስቱን አላጣብባቸውም።

ካር ሲትን በተመለከተ ሁለት ነገር ያዝ። በቨርጂኒያ ሕግ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በካር ሲት ወይም ከፍ አድርጎ በሚያስቀምጠው መቀመጫ፣ በቡስተር፣ መቀመጥ አለበት፤ ሕፃኑ ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ወይም ለካር ሲቱ የተቀመጠው ክብደት እስኪደርስ ፊቱ ወደ ኋላ መሆን አለበት። የ9 ዓመቱን ሕጉ ባያስገድድህም ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ቡስተሩን አታስቀርበት፤ ያለ እሱ ቀበቶው ከትከሻው ይልቅ አንገቱን ያገኘዋል። ሁለተኛው ነገር ካር ሲቱ ከመኪናው ወንበር ጋር የሚታሰርበት፣ ላች የሚሉት የታችኛው መንጠቆ ነው። ልጁና ካር ሲቱ አንድ ላይ 65 ፓውንድ ካለፉ በመንጠቆው ማሰር ይቀርና በመኪናው ቀበቶ ታስራለህ፣ የላይኛውን ማሰሪያ ግን ሁልጊዜ ትጠቀማለህ። ለ5 ዓመቱ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የላይኛው ማሰሪያ መንጠቆ በየትኛው ቦታ እንዳለ ከመፈረምህ በፊት ራስህ አግኘው። ሻጩ «አለ» ስላለህ ብቻ አትመን። ካር ሲቱን ይዘህ ሂድና እዚያው ግጠመው።

አነዳዱን በሚመለከት አንተ ትክክል ነህ። ኤምዲኤክስ ባለ 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ 290 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው። አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ዓይነት እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ወደ ኋላ ይልካል፤ ያንንም እንደ መታጠፊያው ለአንዱ የኋላ ጎማ መስጠት ይችላል። ስለዚህ መኪናው ትልቅ ሆኖ ሳለ ኩርባ ላይ ትንሽ መኪና የያዝክ ይመስልሃል። ቲኤክስ 350 ባለ አራት ሲሊንደር 2.4 ሊትር ቱርቦ (አየር በግፊት የሚገባለት ሞተር) ነው፣ 275 የፈረስ ጉልበት። ከታች ሲነሳ ጉልበት አያንሰውም፤ ሞላ አድርገህ ስትረግጠው ግን ድምፁ የአራት ሲሊንደር ድምፅ ነው። በዚህ ዋጋ ከዚያ የተሻለ ይጠበቅ ነበር። ግን እሱን የምትሰማው አንተ ነህ። ኋላ ያሉት የሚሰማቸው መኪናው ጉድጓድ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ነው፣ እዚያ ላይ ቲኤክሱ ለስለስ ይላል።

ነዳጅ ላይ ብዙ አትድከም። ሁለቱም ከተማና ሀይዌይ ሲደባለቅ በጋሎን ከ21 እስከ 23 ማይል አካባቢ ናቸው። አኩራው ፕሪሚየም ነዳጅ ይመከርለታል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ሻጩ በነዳጅና በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ሃይብሪድ፣ ወደ ቲኤክስ 500ኤች ሊገፋህ ይሞክር ይሆናል። ጥሩ መኪና ነው፣ 366 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በጋሎን ወደ 27 ማይል ይሄዳል። ግን አስላው። በዓመት 15 ሺህ ማይል ብትነዳ በ23 ማይል ስሌት 652 ጋሎን ትቀዳለህ፤ በ27 ስሌት 556 ጋሎን። ልዩነቱ 96 ጋሎን ነው። ጋሎኑን 3 ዶላር ከ50 ብትይዘው በዓመት 336 ዶላር ብቻ ታተርፋለህ። የሁለቱ የመግዣ ዋጋ ልዩነት ደግሞ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ፍጥነት ፈልጌ ነው ካልክ ሌላ ነገር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ግን አትግዛው።

ዕቃ መጫኛው። ስድስታችሁም ተቀምጣችሁ፣ ሦስተኛው ረድፍ ቆሞ፣ ቲኤክስ ኋላ 20 ኪዩቢክ ፉት ያህል ቦታ ይቀረዋል። ኤምዲኤክስ ከወለሉ በታች ያለችውን ጨምረህ 18 ያህል። በወሬ ሲሰማ ተቀራራቢ ናቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምፈትነው እዚሁ በዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ነው። ለአዲስ አበባ በረራ አንድ ሰው ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ ትልቅ ሻንጣ ወደ 4 ኪዩቢክ ፉት ይወስዳል። ስለዚህ ሁላችሁም ገብታችሁ እናትህን ልትሸኙ ብትወጡ ቲኤክስ ላይ ሁለቱን ሻንጣና የእጅ ዕቃውን፣ የሕፃኑንም ጋሪ ትጭናለህ። ኤምዲኤክስ ላይም ሻንጣዎቹ ይገባሉ፤ ጋሪው ግን የአንዳችሁ እግር ሥር ሊገባ ነው። ሁለት ተጓዥ ከሆነ በሁለቱም መኪና አንዱን ወንበር ማጠፍ አይቀርም። ለለቅሶ ቤት ትልቅ ድስትና የእንጀራ መሶብ ስትጭን ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ወለሉ ዝርግ መሆኑ ነው የሚጠቅምህ። ድስቱን ይዘህ ሂድ አልልህም፣ ጋሪውን ግን ይዘህ ሂድ።

ስለ ጥገናው። እዚህ ላይ የሁለቱ ሞተሮች ባሕርይ ይለያያል። የአኩራው ባለ ስድስት ሲሊንደር በታይሚንግ ቤልት፣ የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ በሚያሽከረክር የጎማ ቀበቶ፣ ነው የሚሠራው። ወደ 100 ሺህ ማይል ሲጠጋ መቀየር አለበት፣ ከውኃ ፓምፑ ጋር አብሮ ቢቀየር ይመረጣል፤ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣሃል። ይህን ቸል ብሎ ቤልቱ የተበጠሰበት ሰው ሞተሩን ያጣል። ያገለገለ ኤምዲኤክስ ካየህ 90 ሺህ ማይል ያለፈ ከሆነ ዋጋው ላይ ይህንን ቀንስ። የቲኤክሱ ሞተር በሰንሰለት ነው፣ እንዲህ ዓይነት ቀጠሮ የለውም። ቱርቦ ስለሆነ ግን ዘይት ላይ አትስነፍ። የመኪናው መመሪያ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም እኔ ለደንበኞቼ በየ5 ሺህ ማይሉ እቀይራለሁ። ቱርቦ ይሞቃል፣ ያረጀ ዘይት አይወድም። ዋስትናቸው እኩል ነው፤ አጠቃላዩ 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል፣ ሞተርና ካምቢዮ 6 ዓመት ወይም 70 ሺህ ማይል።

ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ችግር ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ መጥራቱ፣ የሌለበት መኪና የለም፣ አይደንግጥህ፤ ግን እወቀው። በ2024 ወደ 145 ሺህ የሚሆኑ የቶዮታ ግራንድ ሃይላንደርና የሌክሰስ ቲኤክስ መኪናዎች በጎን የኤርባግ መጋረጃ ምክንያት ተጠርተዋል። መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ ግጭት ቢደርስ መጋረጃው በትክክል ላይዘረጋ ይችላል የሚል ነው። የ2024 ሞዴል ያገለገለ ከሆነ መሠራቱን አረጋግጥ። በአኩራ በኩል ደግሞ በ2023 መጨረሻ ወደ 249 ሺህ የሚሆኑ የሆንዳና የአኩራ መኪናዎች፣ ከ2016 እስከ 2020 የተሠሩ ኤምዲኤክሶች ያሉበት፣ በሞተር ውስጥ ክፍል ችግር ተጠርተዋል፤ ሞተር እስከማቆም ያደርሳል። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናውን ቪን ይዘህ የመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገባው በነጻ ይነግርሃል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኤምዲኤክስ ብትገዛ ደግሞ 2025 ወይም ከዚያ ወዲህ ይሁን። ከ2022 እስከ 2024 ባሉት ሞዴሎች ስክሪኑን የምታዘው በጣት በምትነካ ሰሌዳ ነበር፣ ብዙ ሰው አልለመደውም። ከ2025 ወዲህ ስክሪኑን ራሱን ትነካለህ።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደርን ሄዳችሁ እዩት። ከቲኤክስ ጋር ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ኢንዲያና ውስጥ ፕሪንስተን ላይ ይሠራሉ፣ ባለ 2.4 ቱርቦው ሞተር አንድ ነው፣ የሦስተኛው ረድፍ የእግር ቦታም አንድ ነው። ሌክሰሱ ጸጥታው፣ ቆዳውና ዲለሩ የሚያደርግልህ መስተንግዶ ይሻላል። ግን ሁለቱ የቅንጦት መኪናዎች ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሲጀምሩ ግራንድ ሃይላንደር ከ40 ሺዎቹ ይጀምራል። ባለቤትህ ሌክሰስ ያለችው ለምቾቱ ከሆነ አንዱን ከሌላው ጎን አቁማችሁ ተቀመጡባቸው። ልዩነቱ ለእናንተ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣል ካላችሁ ግዙት፣ በደስታ ንዱት። አያወጣም ካላችሁ ትርፉን ለልጆቹ አስቀምጡት። እዚህ ላይ እኔ አልወስንላችሁም።

ክፍያው ላይ ሻጩ መጀመሪያ «በወር ስንት መክፈል ትፈልጋለህ?» ይልሃል። አትመልስለት። ታክሱ፣ ሰሌዳው፣ ሁሉም ክፍያ ተጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደሆነ በወረቀት ይስጥህ። በቨርጂኒያ የሽያጭ ታክሱ 4.15 በመቶ ነው፤ 58 ሺህ ዶላር መኪና ላይ 2,407 ዶላር ይመጣል። ይህ አንዴ ነው። ከተማችሁ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የሚያስከፍለው ታክስ ግን በየዓመቱ አለ፣ መኪናው በተወደደ ቁጥር እሱም ይወደዳል። ብድሩን ደግሞ እንዲህ አስበው፦ 50 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ብትወስድ በወር 852 ዶላር ያህል ትከፍላለህ፣ ወለዱ 11 ሺህ 400 ዶላር ገደማ ይሆናል። በ60 ወር ብታደርገው በወር 990 ዶላር ያህል ትከፍላለህ፣ ወለዱ ወደ 9 ሺህ 400 ይወርዳል። የወሩ ክፍያ ሲያንስ ርካሽ ያገኘህ ይመስልሃል፣ ግን 2 ሺህ ዶላር ለባንኩ ጨምረህለታል። ዲለር ከመሄድህ በፊት ከክሬዲት ዩኒየንህ የብድር ፈቃድ ይዘህ ሂድ።

አገር ቤት የመውሰዱን ሐሳብ ከዚህ ግዢ አውጣው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የምትመለሱ ከሆነ የዚያን ጊዜውን ሕግ አይታችሁ እዚያው ትገዛላችሁ። ይህ መኪና እዚህ ለእነዚህ ስድስት ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ቢለወጥ መልሴም ይለወጣል። እናትህ ለጥቂት ወር ብቻ የሚቆዩ ከሆነና ሦስተኛው ረድፍ በወር አንዴ ሁለቴ ብቻ የሚከፈት ከሆነ አኩራውን ግዛ፣ በጣም ትደሰትበታለህ። ጥያቄህ ላይ ግን «አብራን መኖር ጀምራለች» ነው ያልከኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ሁላችሁም ሂዱ። ካር ሲቶቹንና ጋሪውን ያዙ። እናትህ በዘወትር ጫማቸውና በቀሚሳቸው ይምጡ፣ ሁለቱም መኪና ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ወጥተው ይውረዱ፤ አንተ አትደግፋቸው፣ እጃቸው የሚይዝበትን ራሳቸው ይፈልጉ። ከዚያ አንተ ራስህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግባና ባለቤትህ ሀይዌይ ላይ 20 ደቂቃ ትንዳ። የዋጋውን ወረቀት ሲሰጡህ ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የተደረደረውን ክፍያ አንድ በአንድ አይልሃለሁ።